ጥላውን ማን ይያዝ?

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያጠናል። ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ያዘዝነውን ዓሣ ስንጠብቅ ስልኩን አወጣና አንድ የእንግሊዝኛ ግጥም አሳየኝ። መምህራቸው "ይህ ግጥም ዘረኛ ነው ወይስ ዘረኝነትን ይቃወማል?" የሚል ጥያቄ ሰጥቷቸዋል። ሰኞ ጠዋት አንድ ገጽ ጽፎ መግባት አለበት።

"ጋሼ፣ እኔ ሁለቱንም መሰለኝ" አለኝ። "እንደዚያ ብዬ ብጽፍ ግን መሀል ሰፋሪ ነው የምባለው።"

"ሁለቱንም ከሆነ እንዴት ሁለቱንም እንደሆነ አሳየኛ" አልኩት። አልቻለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ወዲያው አልቻልኩም። ዓሣው መጣ፣ ተበላ፣ ቡና ተደገመ፤ ወሬው ግን አላለቀም። ቤት ገብቼ ያወራነውን ትንሽ አሰፋፍቼ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ግጥሙ የእንግሊዛዊው ገጣሚ የዊሊያም ብሌክ ነው። "ትንሹ ጥቁር ልጅ" ይባላል። ለንደን ውስጥ በ1789 ነው የወጣው። ርዝመቱ 28 ስንኝ፣ ሰባት አንጓ ብቻ ነው። የሚናገረው ልጁ ራሱ ነው።

ልጁ "እናቴ በደቡብ በረሃ ወለደችኝ" ብሎ ይነሳል። "ጥቁር ነኝ፤ ነፍሴ ግን ነጭ ናት" ይላል ቀጥሎ። የእንግሊዙ ልጅ እንደ መልአክ ነጭ ነው፤ እሱ ግን ብርሃን የተነፈገ ይመስል ጥቁር ነው። ከዚያ እናቱ ትመጣለች። ገና ፀሐይ ሳትከር ዛፍ ሥር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትስመዋለች። ወደ ምሥራቅም ታሳየዋለች። "ያቺን የምትወጣ ፀሐይ እያት። እግዚአብሔር እዚያ ነው የሚኖረው። ብርሃኑንም ሙቀቱንም ለሰው፣ ለአውሬው፣ ለዛፉ ይሰጣል" ትለዋለች። ምድር ላይ ለጥቂት ጊዜ የተቀመጥነው የፍቅርን ጨረር መቻል እንድንለምድ ነው። ይህ ጥቁር ገላችንና ፀሐይ ያከሰለው ፊታችን ደመና ነው፤ እንደ ዛፍ ጥላ ያለ ነገር። ነፍስ ሙቀቱን ስትለምድ ደመናው ይገፈፋል።

ልጁ ይህን ትምህርት ይዞ ወደ እንግሊዙ ልጅ ይሄዳል። እኔ ከጥቁሩ ደመና፣ እሱም ከነጩ ደመና ስንወጣ፣ ሙቀቱን መቻል እስኪለምድ ጥላ እሆነዋለሁ ይላል። አባታችን ጉልበት ላይ በደስታ ይደገፋል። እኔ ቆሜ ብር የመሰለ ጸጉሩን እዳብሳለሁ። እሱን እመስላለሁ። ያኔ ይወደኛል።

እዚህ ያበቃል።

ዘመኑን እናስብ። በ1780ዎቹ የእንግሊዝ መርከቦች በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያንን እያሰሩ አትላንቲክን ያሻግሩ ነበር። የባሪያ ንግድን ለማስቆም የሚታገለው ማኅበር ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ግጥሙ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1787 ነው። ንግዱ በሕግ የተከለከለው በ1807፣ በእንግሊዝ ግዛቶች ባርነቱ ራሱ እንዲቀር የታወጀው ደግሞ በ1833 ነው። ብሌክ ይህን ሲጽፍ ጥቁር ሰው እንደ ማንም ሰው መሆኑን መከራከር ገና ሥራ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የእናትየዋ ትምህርት የዋዛ አይደለም። ጥቁረት እርግማን አይደለም፣ ልምምድ ነው ትላለች። ሙቀቱን የለመደው፣ ለአምላክ የቀረበው ጥቁሩ ልጅ ነው። ጀማሪው ነጩ ነው። ልጁ ደግሞ ከእናቱም አንድ እርምጃ ይቀድማል። እናቱ ስለ ጥቁሩ ደመና ብቻ ነው የነገረችው። "ነጭ ደመና" የምትለውን ራሱ ነው የጨመራት። ነጭነትም ልብስ ነው፣ እሱም ይወልቃል ማለቱ ነው። ለትንሽ ልጅ ትልቅ ሐሳብ ነው።

ነገር ግን ልጁ ሌላ ትምህርትም ገብቶታል። ማን እንዳስተማረው አይነገረንም። "ነፍሴ ግን ነጭ ናት" ያለው እናቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት ነው። ነጭ ማለት ጥሩ ማለት እንደሆነ አምኖ ነው የሚነሳው። መጨረሻ ላይም ሁለቱም ደመና ከተገፈፈ በኋላ ማን ማንን ይመስላል? እኩል ናቸዋ። እሱ ግን "እሱን እመስላለሁ" ይላል። መንግሥተ ሰማያት ገብቶም እንኳ ፍቅር የሚመጣው እሱን ከመሰለ ብቻ ነው ብሎ ያስባል።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ይሳሳታል፤ የእህቴ ልጅም ተሳስቶ ነበር። "ብሌክ ጥቁር ሰው ነጭን መምሰል አለበት አለ" ብሎ ይደመድማል። የሚናገረው ግን ልጁ ነው። ገጣሚና ተናጋሪ አንድ አይደሉም። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ወንድ አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ባሏ የሄደባትን ሴት ሆኖ ሲያንጎራጉር ማንም "አንተ ደግሞ መቼ አገባህ?" ብሎ አይጠይቀውም። ብሌክም እንደዚያው ነው። ልጁን ያናግረዋል፣ እኛ ደግሞ ልጁ የማያየውን ከልጁ ንግግር ውስጥ እናያለን። ልጁ ፍቅር ነው የሚያወራው። እኛ የምንሰማው ቁስል ነው።

ብሌክ መተዳደሪያው የመዳብ ቅርጽ ሥራ ነበር። ግጥሙ የወጣበትን መጽሐፍም ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ አትሞ፣ ከሚስቱ ከካትሪን ጋር በእጃቸው ቀለም ይቀቡት ነበር። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ከሌላው ይለያል። በሁለተኛው ገጽ ሥዕል ላይ ክርስቶስ ውኃ ዳር ተቀምጧል። ነጩ ልጅ ጉልበቱ ላይ ተደግፏል። ጥቁሩ ልጅ ከኋላ ቆሟል። በአንዳንዱ ቅጂ ጥቁሩ ልጅ ጥቁር እንደሆነ ነው። በሌላው ልክ እንደ ነጩ ተቀብቷል። ቀለሙ ይቀያየራል፤ አቋቋሙ ግን በሁሉም ያው ነው። አንዱ ይደገፋል፣ ሌላው እንደ አሳላፊ ከኋላ ይቆማል። እኔን ከግጥሙ ይልቅ ይህች ሥዕል ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። "ጥላ" የሚለው ቃል ብሌክ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ የሚሰርቀው ቃል ነው። ጥላ ዛፉ የሚጥለው ነው፤ እናቶቻችን ባሕር ዳር ፀሐይ ላይ የሚዘረጉትም ጥላ ይባላል። ሰው ትታ የሄደች ሴትም "ጥላ ሄደች" ትባላለች። በቅኔ ቤት ቋንቋ እንዲህ ሁለት ፍቺ የሚሸከም ቃል ኅብረ ቃል ይባላል። ላይ ላዩን የሚሰማው ሰሙ ነው፣ ውስጥ ያለው ወርቁ። ቅኔው ራሱ በግዕዝ ነው፤ ከእነ ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ ቤቶች የወጣው ብልሃት ግን የጎጃም አማርኛ ግጥም ውስጥ ሁሉ ገብቷል። ለማሳያ ያህል እኔው የቋጠርኳት ይህችውና፤ ቅኔ አዋቂ እንዳይስቅብኝ ብቻ፦

ከዋርካው ግርጌ ሥር አምኜ ብቀመጥ፣
ጥላ ሄደችብኝ ፀሐይ ላይ እንድቀልጥ።

ሰሙ ቀላል ነው። ፀሐይ ዞረች፣ የዋርካው ጥላ ሸሸ፣ ሰውየው ተቃጠለ። ወርቁ ሌላ ነው። ያመናት ሴት ጥላው ሄደች። ኅብረ ቃሉ "ጥላ" ነው። አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ሳንሰማ ግጥሙ አይገባንም።

የብሌክንም ግጥም እንዲህ ነው ማንበብ። ሰሙ አንድ ደግ ልጅ ለሌላው ጥላ ሲሆን ነው። ወርቁ ጥላ የሚሆነው ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ የሚቆመው ሰው መሆኑ ነው። የእህቴን ልጅ ጥያቄም የሚፈታው ይኸው ይመስለኛል። "ዘረኛ ነው ወይስ አይደለም?" ሰሙን የሚጠይቅ ጥያቄ ነው። ወርቁን የሚጠይቀው "ፀሐዩ ላይ የቆመው ማን ነው? ማንስ አቆመው?" የሚለው ነው።

በዚህ መነጽር መኃልየ መኃልይን እንይ። እዚያ የምትናገር ሴት አለች። በተለመደው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ "ጥቁር ነኝ፥ ነገር ግን ውብ ነኝ" ትላለች። "ነገር ግን" የምትለዋን ያዙልኝ። የዕብራይስጡ ማያያዣ አንዲት ፊደል ናት፤ "እና" ም ትሆናለች፣ "ግን" ም ትሆናለች። የጥንቱ የግሪክ ትርጉም "እና" ን መረጠ። ሄሮኒመስ የተረጎመው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ "ግን" አለ። በ1611 የወጣው የእንግሊዝ የንጉሥ ጄምስ ትርጉምም "ግን" አለ። በ1989 የታረመ አንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ ወደ "እና" ተመለሰ።

ልዩነቱ ምንድን ነው? "ጥቁር ነኝ፣ ውብም ነኝ" ያለች ሴት ራሷን እየገለጸች ነው። "ጥቁር ነኝ፣ ነገር ግን ውብ ነኝ" ያለችው ይቅርታ እየጠየቀች ነው። አንዲት ማያያዣ ናት፤ ግን ስንት ዘመን ሙሉ ሰው ሰብካለች። የብሌክ ልጅ "ነፍሴ ግን ነጭ ናት" ሲል "ግን" ን ከየት እንደለመዳት መገመት አያቅትም። መጽሐፍ ቅዱስን ጠንቅቆ እያነበበ ላደገ እንግሊዛዊ ይህች ጥቅስ አፉ ላይ ናት።

ሴትየዋ ግን አላበቃችም። ቀጥላ ለምን እንደጠቆረች ትናገራለች፤ ይህን ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። ፀሐይ ነው ያከሰለኝ ትላለች። የእናቴ ልጆች ተቆጥተውኝ የወይን ቦታ ጠባቂ አደረጉኝ፤ የራሴን ወይን ግን አልጠበቅሁም ትላለች። የሌላ ሰው ማሳ ስትጠብቅ ነው የጠቆረችው ማለት ነው። አሁንም ያው ጥያቄ ነው፤ ፀሐዩ ላይ ያቆማት ማን ነው? የገዛ ወንድሞቿ።

እስካሁን ስለ ዘረኝነቱ ነው ያወራሁት። ፍቅሩስ?

ዋጋ የማይጠይቅ ፍቅርን አማርኛ እንዴት አድርጎ እንደሚለው ስፈልግ ከጳውሎስ የተሻለ አላገኘሁም። "የራሱንም አይፈልግም" ይላል ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ። በሠርጉም በለቅሶውም ስለምንሰማው ቃሉ ተለምዷል እንጂ ከባድ ነው። የራሱን የማይፈልግ ፍቅር ምን ይመስላል?

በግጥም የማውቀው ንጹሕ ምሳሌ የሩሲያው ገጣሚ የፑሽኪን ነው። በ1829 የጻፋት ስምንት ስንኝ ናት። ትወደኝ እንደሆነ አይጠይቅም፣ አይለምንም፣ አይወቅስም። በሩሲያኛው የሚያናግራት በአክብሮት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ አንተም እርስዎም አንድ ስለሆነ ሲተረጎም ይህ ይጠፋል። አማርኛ ግን ይዞታል፤ "እርስዎ" አለን። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ በእኛው ቋንቋ ነገርኩት። ወድጄዎት ነበር። ምናልባት ፍቅሩ ከነፍሴ ጨርሶ አልጠፋም። ግን ከእንግዲህ አያስጨንቅዎት፤ በምንም ነገር ላሳዝንዎ አልሻም። ዝም ብዬ፣ ተስፋም ሳይኖረኝ፣ እያፈርኩም እየቀናሁም ወድጄዎት ነበር። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ እንዲወድዎ እግዜር ያድርግልዎ።

ያ "እርስዎ" ነው የሚገድለኝ። አንቺ ማለት የሚችለውን ሰው እርስዎ ሲላት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለቱ ነው። መንገድ መልቀቁ ነው።

ይህ ሰው ዘረኝነትንም ያውቃል። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በቁስጥንጥንያ በኩል የሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ጴጥሮስ ቤት የገባ፣ በኋላ የሩሲያ ጄኔራል የሆነ ሰው ነው። የትውልድ ቦታው ያከራክራል። ከእኛ ወገን ነው የሚሉ አሉ፣ ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው የሚሉም አሉ። እኛ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቅንም፤ አዲስ አበባ ላይ በፑሽኪን ስም አደባባይ ሰይመናል። በ1830 አንድ ጋዜጠኛ ስም ሳይጠራ፣ ቅድመ አያትህ በአንድ ጠርሙስ ሩም የተገዛ ነው ብሎ በጋዜጣ ተሳለቀበት። ፑሽኪን በግጥም መለሰ። ቅድመ አያቴ ጥቁር አልነበረም አላለም፤ አልተገዛምም ብሎ አልተከራከረም። አዎ፣ አንድ የመርከብ አዛዥ እጅ ገባ፤ ያ አዛዥ ግን አገራችንን በሙሉ ያንቀሳቀሰው ሰው ነው አለ። ጴጥሮስን ማለቱ ነው። ቃሏ በሩሲያኛው ባትኖርም የመልሱ መንፈስ "ግን" ናት። ይቅርታ መጠየቂያ አላደረጋትም፣ መልሶ መምቻ ነው ያደረጋት።

አሁን ሁለቱን ፍቅሮች እናነጻጽር። ፑሽኪን የወደዳትን ይለቃታል። የብሌክ ልጅ ጥላ ሆኖ ይጠብቃል፤ በመጨረሻም አንድ ነገር ይፈልጋል፣ መወደድ። በጳውሎስ ሚዛን የፑሽኪን ይበልጣል፤ የራሱን አይፈልግምና። እኔ ግን እዚህ ላይ ሚዛኑን ወዲያ አድርጌ ልጁን ማቀፍ ነው የሚቀናኝ። ፑሽኪን መኳንንት ነው። ሊለምን ይችላል፣ ሊቆጣ ይችላል፣ መተውን መረጠ። ልጁ ምን ምርጫ አለው? መተው የሚችል ሰው ሲተው ስጦታ ነው። ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው ጥላ ሲሆን ግን ስሙን ፍቅር ከማለታችን በፊት ቆም ማለት አለብን። "ተበዳዩ ይቅር ባይ ነው፣ አቤት ደግነቱ!" እያልን ስናደንቅ የምንቆመው ጥላው ሥር ሊሆን ይችላል።

ጳውሎስ ደግሞ ፍቅር "በደልን አይቆጥርም" ይላል። ግጥም ግን ይቆጥራል። ከሚቆጥሩት ሁሉ የካውንቲ ኩለንን የሚያህል አላየሁም። ጥቁር አሜሪካዊ ገጣሚ ነው፤ "ገጠመኝ" ብለን ልንጠራት የምንችል ግጥሙ በ1925 ወጣች። 12 ስንኝ ናት። አንድ ሰው ስምንት ዓመቱ ሳለ ባልቲሞር የምትባል ከተማ መሄዱን ያስታውሳል። በደስታ ተሞልቶ በተሽከርካሪ ሲሄድ አንድ የከተማው ልጅ ትክ ብሎ ያየዋል። ልጁም ትንሽ ነው፤ ከእሱ አይበልጥም። ስለዚህ ፈገግ አለለት። ያኛው ምላሱን አወጣና ጥቁሮች የሚሰደቡበትን ያንን ቃል ጠራው። ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ ከተማዋን በሙሉ አየኋት ይላል በመጨረሻ። ከሆነው ሁሉ የማስታውሰው ግን ያችኑ ነው።

ቃላቱ የሕፃን ቃላት ናቸው፤ ምቱም የልጆች መዝሙር ነው። አንድ ብልሃት ግን አለው። "ከእሱ አይበልጥም" የሚለው ስንኝ በእንግሊዝኛው ከስድቡ ጋር ቤት ይመታል። ጆሮ አንድ ቤት ከሰማ ሁለተኛውን ይጠብቃል። ስለዚህ አንባቢው ስድቡን ሳይወድ በጆሮው እየጠበቀው ነበር። ስድቡ ሲመጣ ቤቱ ሞላ። ግጥሙ እኛንም ትንሽ አነካካን ማለት ነው።

ፈገግታዋንም አትለፏት። የራሱን ያልፈለገ ነገር ያለው እዚህ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ለማያውቀው ልጅ ዝም ብሎ የሰጣት ነገር ናት። ተሳዳቢውም ልጅ ነው። ያን ያህል ትንሽ ልጅ ያንን ቃል ከራሱ አያፈልቅም፤ አንድ ቤት ውስጥ ነው የሰማው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንላለን። ኩለን ደግሞ የወጋውም ልጅ መሆኑን አልረሳም።

የሌላውን ጥቁር አሜሪካዊ ገጣሚ የላንግስተን ሂውዝን "እኔም" በአጭሩ ልጥቀሳት። በ1926 መጽሐፉ ውስጥ ያለች ናት። እንግዳ ሲመጣ ወጥ ቤት እንድበላ ይልኩኛል ይላል፤ እኔ ግን እስቃለሁ፣ በደንብ እበላለሁ፣ እጠነክራለሁ። ነገ ገበታው ላይ እቀመጣለሁ፤ ያኔ ማማሬን አይተው ያፍራሉ። ይህም "ያኔ" አለው፤ ግን ከብሌክ ልጅ "ያኔ" ጋር አይገናኝም። የብሌክ ልጅ ተለውጦ ነው የሚወደደው። የሂውዝ ሰው እንዳለ ሆኖ ገበታው ነው የሚለወጠው።

የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ አንድ ነገር ተናገረ። "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው። የኛ ዘረኝነት ሌላ ነው።"

እውነት አለው፤ በከፊል። ዛሬ "ዘረኝነት" ስንል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ብሔርን ነው። ብሌክና ኩለን የሚያወሩት ስለ ቆዳ ቀለም ነው። "ዘር" ራሱ ኅብረ ቃል ሆኖብናል፤ ገበሬው የሚዘራውም ዘር ነው፣ ሽማግሌው ልጅ ሊድር ሲል ሰባት ትውልድ ቆጥሮ የሚጠይቀውም ዘር ነው። የቆዳውም ነገር ግን በእኛ ቤት የለም ማለት አይቻልም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተከለከለው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህ የእኛ አቆጣጠር ነው። "ባሪያ" የሚለው ቃል ግን ስድብ ሆኖ አዋጁን ተሻግሯል። ደግሞ ዘረኝነት የግድ ቀለም አይፈልግም። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው።

ባሕር ዳር አድጎ ወይጦ የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም። ከሐይቁ ጋር የኖሩ የጣና ሰዎች ናቸው። ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ይሠራሉ። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ መናገር ከጀመሩ ቆይተዋል። ሙስሊሞች ናቸው። ድሮ ግን ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ነበር። በዚህ የተነሳ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባም ነበር። በቆዳ ብናያቸው ከእኛ አይለዩም። ቋንቋቸው ቋንቋችን ነው። የምንሄድበትን ታንኳ የሠሩት እነሱ ናቸው። ፀሐዩ ላይ ቁጭ ብለው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከሐይቁ ብዙም አይርቅም ነበር። እናቴ ከአንድ ሽማግሌ የደንገል ቅርጫት ትገዛ ነበር። ሰውየው ቅርጫቱን ትከሻው ላይ ደርድሮ ይመጣል፤ እጆቹ ደንገሉ እየቆረጣቸው ተሰነጣጥቀዋል። በር ላይ ይቆማል፤ አይገባም። እናቴ ዋጋ አትከራከረውም። እንዲያውም ጨምራ ትከፍለው ነበር። ውኃም ትሰጠዋለች፣ ጠላም ከሆነ ቅራሪ። (ጠላ እንደማይጠጣ በኋላ ነው የገባት፤ ከዚያ ውኃ ብቻ ሆነ።) የሚጠጣው ግን በአንድ የቲማቲም ቆርቆሮ ጣሳ ነበር። ጣሳው ቤት ውስጥ አይገባም። ውጭ አጥሩ እንጨት ላይ ተደፍቶ ይሰቀላል። ሌላ ማንም አይጠጣበትም፤ ዶሮዎቹ እንኳ የራሳቸው ገበቴ ነበራቸው።

እናቴን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ እንጀራ ጋግራ ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። የመጨረሻውን እንጀራ እሷ በልታ አይቼ አላውቅም፤ "ጠገብኩ" ትላለች። የጎረቤት ልጅ ሲታመም አዝላ ሐኪም ቤት የሮጠች እሷ ናት። "የራሱንም አይፈልግም" ሲነበብ ዓይኔ ላይ የምትመጣው እሷ ናት። ጣሳውን የሰቀለችውም እሷ ናት።

ለዚህ ነው የእህቴ ልጅ "ሁለቱንም መሰለኝ" ሲል ትክክል የመሰለኝ። የብሌክ ግጥም ሁለቱንም የሚሆነው ብሌክ ስለወላወለ አይደለም። አንድ አንደበት ሁለቱንም ስለሚችል ነው። ልጁ በአንድ አፍ እናቱን ይናገራል፤ የሚንቁትንም ይናገራል።

ስለ ጣሳው ስነግረው ዝም አለ። እናቴ የእሱ አያት ናት፤ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እስከ ዛሬ ስልክ ስትደውል ቆሞ ነው የሚያነሳው።

"አያቴ?" አለ በመጨረሻ።

"አያትህ።"

"ሰውየው ያውቅ ነበር? ጣሳው ለሱ ብቻ እንደሆነ?"

"እንዴት አያውቅም? አጥሩ ላይ ተሰቅሎ እያየው።"

አንድ ታንኳ በሩቅ በኩል አለፈ፤ እንጨት ጭኖ ከዘጌ አቅጣጫ የሚመጣ። የእህቴ ልጅ ዓይኑን እሱ ላይ አድርጎ ሌላ ጥያቄ አመጣ።

"ውኃውን እሷ ናት የምትሰጠው?"

"እሷ ቀድታ ትልካለች" አልኩት። "ጣሳውን የምወስድለት እኔ ነበርኩ።"